ወለሉ ደረቅ ነበር

ያንን ፎቶ በብዙ ሰው ስልክ ውስጥ አይቼዋለሁ። ሰፊ ክፍል ነው። ወለሉ የሚያብረቀርቅ ነጭ ፖርሲሊን ሲሆን፣ ከመግቢያው ገባ ብሎ ወርዱ ከአንድ ክንድ የሚበልጥ ጥቁር ግራናይት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያቋርጠዋል። ነጣ ያለ ግራጫ ቀለም ያላቸው ዝቅተኛ ሶፋዎች ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ዙሪያውን ተደርድረዋል። የግራው ግድግዳ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት ነው። አንድም ሰው አይታይበትም። ባለፈው ዓመት አንድ ባለሀብት ሊያሠራው ስላሰበው ሆስፒታል ሊያማክረኝ ጠርቶኝ፣ የማን ሥራ እንደሆነ ሳያውቅ ይህንኑ ፎቶ ከስልኩ አወጣና «የአረጋውያኑን ማረፊያ እንዲህ አድርግልኝ» አለኝ።

ክፍሉን የነደፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛም ባላጠፋችው ጥፋት እንጀራዋን አጥታለች። ንድፉን ያበላሸሁት ባለማወቅ ነው ልል እችል ነበር፤ ነገር ግን የተበላሸውን ያየች ሰው ነግራኝ አልሰማኋትም። ኋላም ጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ሲላከክ እያየሁ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ፎቶው ከእጄ ወጥቶ በየቦታው ስለሚገለበጥ ነው።

ሆስፒታሉ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የግል ሆስፒታል ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነውና። አንዱን ፎቅ ለአረጋውያን ሕሙማን ሲያዘጋጁ፣ ከአልጋ ተነሥተው እርስ በርስና ከቤተሰብ ጋር የሚቀመጡበት ሳሎን እንድነድፍ ተጠየቅኩ። አሳቡ ጥሩ ነበር። ሽማግሌ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ቀኑን ሙሉ በአልጋ ላይ ሲውል ጉልበቱም አእምሮውም አብሮ ይደክማል። ከሚተኙት ብዙዎቹ በሳንባ ምች፣ በስኳር ወይም በስብራት የመጡ ቢሆኑም፣ በዚያ ዕድሜ መርሳት የጀመራቸው ጥቂት አልነበሩም። ይህን ማንም አልነገረኝም ማለት አልችልም፤ አልጠየቅኩም። የአልጋውን ቁጥር፣ የአስታማሚውን ብዛት፣ የበጀቱን ጣሪያ ጠይቄአለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ ከሕሙማኑ ጋር ተቀምጬ አላየሁም።

የነደፍኩት ለሚያይ ሰው ነበር። ሶፋዎቹን ከግድግዳ ያስጠጋሁት መሀሉ ሰፍቶ እንዲታይ ነው። መስታወቱ ክፍሉን እጥፍ ያስመስለዋል። ጥቁሩ ግራናይት መግቢያውን ከመቀመጫው ይለያል፤ በኮርኒሱ ላይ የሰካኋቸው ስፖት መብራቶች ደግሞ ወለሉ ላይ ሲያርፉ ያምራሉ። ለአሠሪው ያቀረብኩትን ሥሪ ዲ ዛሬ ስከፍተው፣ ውስጡ ያስቀመጥኳቸው ሰዎች በሙሉ ወጣቶች ናቸው፤ ቆመው፣ ኩባያ ይዘው፣ እየተሳሳቁ። ጋቢ የለበሰ የለም። መቋሚያ የያዘ የለም። አስታማሚ ክንዷን የሰጠችው ሰው የለም።

ክፍሉ ተመርቆ ሥራ እንደጀመረ የፎቁ ኃላፊ ነርስ ደወለችልኝ። «ኢንጂነር፣ ሰው አይቀመጥበትም» አለችኝ። ሕሙማኑን ይዘዋቸው ይመጣሉ፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ወለሉን ያያሉ፤ ትንሽ ቆይተው ወደ አልጋችን መልሱን ይላሉ። መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ሲያወሩ የሚውሉ ሁለት አባቶች እዚያ ሲመጡ ዝም ይላሉ። ሶፋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙዎቹ ሁለት ሰው ካልደገፋቸው መነሣት አይችሉም፤ ለመነሣት ሰው ከመለመን ደግሞ አለመቀመጥን ይመርጣሉ። ይለምዱታል አልኳት።

ሁለተኛ ጊዜ የደወለችው ስለ መስታወቱ ነበር። ከሕሙማኑ አንዷ፣ ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ፣ ሰው አክባሪ የሆኑ እናት፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሳሎኑ ሲገቡ በመስታወቱ ውስጥ ላሉት አሮጊት ጎንበስ ብለው «እንደምን አደሩ?» ይላሉ። ያቺኛዋም ጎንበስ ትላለች፤ ድምፅ ግን የላትም። ደግመው ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ወደ ነርሷ ዞረው «ምን በድያቸው ነው?» አሉ። ሲስተር ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። መስታወቱን በአንሶላ ልትሸፍነው ፈቃድ እየጠየቀችኝ ነበር። አይሆንም፤ ክፍሉን ያበላሸዋል፤ ይለምዱታል አልኳት።

በሦስተኛው ስለ ወለሉ ነገረችኝ። ጥቁሩ መስመር ጋ ሲደርሱ ብዙዎቹ ይቆማሉ። አንዳንዶቹ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ አስታማሚ እጃቸውን ሲጎትት ይጮኻሉ። ሴቶቹ ነጩ ላይ ሲራመዱ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ያነሣሉ፤ ውኃ የሚሻገሩ ነው የሚመስላቸው። «ጥቁሩ ደግሞ ጉድጓድ ይመስላቸዋል መሰለኝ» አለች። መሰለኝ ያለችው በትሕትና ነው እንጂ በትክክል ገብቷት ነበር። እኔ አምስት ዓመት ሕንፃ የተማርኩ ሰው፣ ዕድሜዋን በሕሙማን መካከል የኖረች ሴት የነገረችኝን እንደ ስሞታ ቆጥሬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዘግይቼ የተማርኩትን ልናገር። የሰው ዓይን ምስሪት (ሌንስ) ከዕድሜ ጋር እየወፈረና ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያስገባው አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው። ይህ ጤነኛው ዓይን ነው። የመርሳት በሽታ ሲጨመርበት፣ የሚጠፋው ስምና ቀን ብቻ አይደለም፤ አንጎል ዓይን ያመጣለትን የሚተረጉምበት ችሎታም ይጎዳል። ርቀት፣ ጥልቀት፣ የነገር ጠርዝ ይዘበራረቃል። ጥቁር ንጣፍ ጉድጓድ ይሆናል። የሚያንጸባርቅ ወለል ውኃ ይሆናል። በነጭ ወለል ላይ ያለ ነጣ ያለ ሶፋ የት ላይ እንደሚጀምር ስለማይታይ፣ ሰው ለመቀመጥ ወደ ኋላ ሲል ባዶ ቦታ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። መስታወት ውስጥ ያለው ፊት የማያውቁት ሽማግሌ ይሆናል፤ ራሳቸውን የሚያስታውሱት በወጣትነታቸው መልክ ነዋ።

የሕንፃ ባለሙያዎች አንድ ገጽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 ይለኩታል። መታየት ያለበት ነገር፣ ወንበር ከወለል፣ በር ከግድግዳ፣ ቢያንስ 30 ነጥብ ያህል ይራራቅ ይላሉ። ወለሉ ራሱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሆኖ መቀጠል አለበት። እኔ ወለሉን በጥቁር ቆረጥኩት፤ ሶፋውን ከወለሉ ጋር አመሳሰልኩት። መታየት የሌለበት ጎልቶ ታየ፤ መታየት ያለበት ተሰወረ።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ውስጥ ናቸው። በእኛ ቤት «ጃጁ» ብለን እናልፈዋለን፤ ቤተሰብም በቤቱ ችሎ ይይዘዋል። ቤታቸው ውስጥ ደግሞ መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሕመሙ ብዙም ሳይታወቅ ይኖራል። የሚገለጠው በሌላ ሕመም ሆስፒታል ሲገቡ ነው። ኢንፌክሽኑ፣ አዲሱ መድኃኒት፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የማያውቁት ክፍል ተደራርቦ በአንድ ሌሊት ግራ ያጋባቸዋል። እንዲህ ላለ ሰው የክፍሉ ወለልና መብራት ከሕክምናው ክፍል ነው። እኔ ግን እንደ ጌጥ ያዝኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእኚያ መስታወቱን ሰላም የሚሉት እናት ልጅ መድኃኒት ልትገዛ ወደ ፋርማሲ ወረደች። እሳቸው ብቻቸውን ከሶፋው ተንፏቀው ተነሡና ወደ በሩ ሄዱ። ጥቁሩ መስመር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፤ ሊሻገሩት ትልቅ እርምጃ ወሰዱ። ያዩት አንድ አስታማሚ ናቸው፤ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ኋላ፣ ብዙ ኋላ፣ ስጠይቃቸው።

በዕለቱ ግን የተጻፈው ሌላ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ከኮሪደሩ ላይ መወልወያና ባልዲ ይዛ ስለተገኘች፣ ወለሉ እርጥብ ነበር ተባለ። «ደረቅ ነበር፤ በእጄ ነክቼዋለሁ» አለች። በኤጀንሲ በኩል የተቀጠረች ናት፤ ማን ይሰማታል? ስብሰባ ተጠራ። የወለሉ ዕቃ በእኔ ምርጫ ስለተገዛ እኔም ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ «ሴራሚኩ ያዳልጣል ወይ?» አሉኝ። አያዳልጥም፤ የፋብሪካው ማረጋገጫ አለ ብዬ ወረቀቱን አቀረብኩ። ወረቀቱ እውነተኛ ነው። እንግዲያው ውኃ ነበረበት ማለት ነው ተባለ። ሲስተር ተረኛ ስለነበረች አልተጠራችም። ታማሚዎቹ ያን ወለል እንዴት እንደሚያዩት በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠረጴዛውን እያየሁ ዝም አልኩ።

ለምን? የመጨረሻው ክፍያዬ አልተለቀቀም ነበር። ሥራው ስም አውጥቶልኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም አይበቃም። ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ደመወዟ ተቆረጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኤጀንሲው ተመለሰች። እኚያ እናት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን በእግራቸው አልሄዱም። ወደ ቤታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ተመለሱ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ማንበብ የጀመርኩት ራሴን ነፃ ለማውጣት ነው። ሌሎችም እንዲህ ነው የሚሠሩት የሚል ነገር እፈልግ ነበር። ያገኘሁት ሌላ ሆነ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት፣ ዌይበርን በምትባል ከተማ አንድ ትልቅ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር፤ ኃላፊው ሃምፍሪ ኦስመንድ የሚባል ሐኪም ነው። ለአረጋውያን ሴቶች የተመደበው ክፍል ታደሰ፤ ወለሉ፣ መጋረጃው፣ መብራቱ፣ ወንበሩ አዲስ ሆነ። የጎበኘው ሁሉ አደነቀ። ኦስመንድ ግን አልጣመውም፤ ሴቶቹ እንደ ቀድሞው ተክዘው ይውላሉ። ምክንያቱን እንዲፈልግ ሮበርት ሶመር የተባለውን የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠየቀው።

ሶመር ያደረገው እኔ ያላደረግኩትን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አየ። እስከ 50 የሚደርሱ ሴቶች ባሉበት ክፍል ከአንድ ከሁለት አጭር ጨዋታ በላይ አይሰማም። ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው ለማውራት አንገቱን ማዞር አለበት፤ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ከክፍሉ ማዶ ነው። አንገቷ የደነደነ፣ ጆሮዋ የደከመ አሮጊት ሁለቱንም አትሞክርም። እንዲያ የደረደራቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ለማጽዳትና ጋሪ ለመግፋት ስለሚመች፣ ለዓይንም የተስተካከለ ስለሚመስል ነው። ሶመር ካሬ ጠረጴዛዎች አስገብቶ ወንበሮቹን በዙሪያቸው አደረገ፤ ጠረጴዛዎቹ ላይ አበባና መጽሔት አስቀመጠ። ሴቶቹ መጀመሪያ ተቃወሙ፤ ወንበሮቻቸውን እየጎተቱ ወደ ግድግዳው መለሱ። ከሳምንታት በኋላ ሲቆጥር ግን ጨዋታው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ውጤቱን ከባልደረባው ጋር በ1958 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የተለወጠው የወንበር አቀማመጥ ነው፤ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው።

በዚያው ዘመን ኪዮ ኢዙሚ የተባለ የካናዳ አርክቴክት፣ ሕሙማን ሕንፃውን እንዴት እንደሚያዩት ለመረዳት ብሎ በኦስመንድ እርዳታ ቅዠት የሚያመጣውን ኤል ኤስ ዲ የተባለ ዕፅ ወስዶ በሆስፒታሎች ውስጥ ተዘዋውሯል። የወሰደውን ነገር አላመሰግንም። ግን የሌላውን ሰው ዓይን ለመዋስ የሄደበትን ርቀት ሳስብ፣ ከሶፋዎቼ በአንዱ ላይ እንኳ ሳልቀመጥ ቁልፍ ማስረከቤ ያሳፍረኛል። በስኮትላንድ የስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ማዕከል አለው። በለንደን ያለው ኪንግስ ፈንድም የሆስፒታል ክፍሎች ለመርሳት ሕሙማን ይመቹ እንደሆነ የሚፈተሹበት መጠይቅ አውጥቷል፤ ወለሉ ያንጸባርቃል ወይ፣ ወንበሮቹ ለጨዋታ እንዲመቹ በትንንሽ ስብስብ ተቀምጠዋል ወይ ይላል። መጠይቁን ለክፍሌ ሞላሁት። አብዛኛው መልስ አሳፋሪ ነበር። በጣም የከበደኝ ግን ሲስተር በሦስት ስልክ የነገረችኝ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ መኖሩ ነው።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። አድምጠውኝ ሲያበቁ «የበደልካትን ሴት አግኝተሃታል?» አሉኝ። አላገኘኋትም አልኩ። «እንግዲያ እሷን ሳታገኝ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ?» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

በኤጀንሲው በኩል ፈልጌ አገኘኋት። አንድ ካፌ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። በስብሰባው ላይ የማውቀውን እንዳልተናገርኩ፣ ወለሉ ደረቅ እንደነበር እንደማውቅ፣ እናትዮዋ የወደቁት በእኔ ንድፍ ምክንያት እንደሆነ ነገርኳት። ገንዘብ ይዤ ሄጄ ነበር። አላየችውም። «ብሩ አይደለም ኢንጂነር። ውሸታም ነው የተባልኩት» አለች። ቆይታ ደግሞ «በአፍ አይበቃም፤ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ጻፍኩላት። በፊርማዬ፣ አንድ ቅጂ ለሆስፒታሉ፣ አንድ ለኤጀንሲው፣ ዋናው በእጇ። የተቆረጠባትን ደመወዝ ሆስፒታሉ እንዲመልስ ጠይቄ መልስ ስላጣሁ እኔ ከፈልኩ፤ ያንን ተቀበለች፤ የራሷ ነውና። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

የእናትዮዋን ልጅም አገኘኋት። ይህ ከሁሉም የከበደ ነበር፤ ያን ቀን እኔ ባልወርድ ኖሮ እያለች ራሷን ስትወቅስ የኖረችው እሷ ናት። መድኃኒት ልትገዛ በመውረዷ! ነገሩን ስጨርስላት ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከንም?» አለች። የክፍያውንና የስሙን ነገር ነገርኳት። እውነቱ ይኸው ስለሆነ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ክፍሉን አስተካክለነዋል። አስተካክለነዋል የምለው እኔና ሲስተር፣ የጽዳት ሠራተኞቹና ጥቂት አስታማሚዎች ስለሆንን ነው። ጥቁሩ ግራናይት ተነሣ፤ ነጩም በማያንጸባርቅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም ባለው ቪኒል ተሸፈነ። መስታወቱ ወረደ። ስፖት መብራቶቹ ጥላ ስለሚጥሉ፣ ጥላም ለአንዳንዱ ሕመምተኛ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሚመስል፣ እኩል በሚያበራ ሰፊ መብራት ተተኩ። ሶፋዎቹ ወጥተው እጅ መደገፊያ ያላቸው፣ ከፍ ያሉ፣ ከወለሉ ተለይተው የሚታዩ ጥቁር ሰማያዊ ወንበሮች ገቡ፤ አራት አራቱ በአንድ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ። መጀመሪያ ላይ አስታማሚዎች ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ መለሷቸው፤ በዌይበርን የሆነው እዚህም ሆነ። የጽዳት ሠራተኞቹን ምን ያስቸግራችኋል ብለን ስንጠይቅ፣ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ሥሩን መወልወል እንደማያስችል ነገሩን፤ ባለ አንድ እግር ተገዛ። የጋሪውንም መተላለፊያ ራሳቸው ለኩ። ከዚያ ወዲህ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ የሚመልስ ጠፋ።

የመጸዳጃ ቤቱ በር ከወንበር ላይ ሆነው እንዲታይ ግራጫው ተፍቆ በደማቅ ቀለም ተቀባ፤ ከጽሑፉ በላይ ሥዕል ተለጠፈበት። መጸዳጃው የት እንደሆነ ያላየ ሰው ማንንም መጠየቅ ያፍራል፤ አፍሮም ይነሣና ይጠፋል። አልጋዬ ይሻላል የሚሉት አንዳንዶቹ የሚፈሩት ይህንን እንደነበር ያወቅነው በሩ ከተቀባ በኋላ ነው። አጥሚቱ በነጭ ኩባያ፣ ሩዙ በነጭ ሳህን ይቀርብ ነበር፤ ሳይነካ ሲመለስ የምግብ ፍላጎት የላቸውም ተብሎ በካርዳቸው ላይ ይጻፋል። ቦስተን ውስጥ ተመራማሪዎች ሕመሙ የጸናባቸውን ጥቂት ሰዎች በደማቅ ቀይ ሳህንና ኩባያ መግበው በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ፤ የሚበሉት በ25 በመቶ፣ የሚጠጡት በ84 በመቶ ጨምሯል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ቀይ ኩባያ የመግዛት ወጪ ምንድነው? ሲስተር ገዛች።

በሳሎኑ ቡና እንዲፈላ አሰብን፤ ነገሩ ብዙ አከራከረን። ኦክስጅን ባለበት ፎቅ ከሰል አይታሰብም። የኢንፌክሽን ቁጥጥር ኃላፊው ሲኒ ከአንዱ ወደ አንዱ መዞሩን አልወደዱም፤ ተገቢ ሥጋት ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የተቆላ ቡና ከውጭ መጥቶ፣ የፈላውን የምትቀዳ አንዲት ረዳት ነርስ ተመድባ፣ ሲኒው በየጊዜው በፈላ ውኃ ታጥቦ ተፈቀደ። ከሁለት ቀን በላይ ቃል ያልወጣቸው እናት ሲኒዎቹን እየወለወሉ ረከቦቱ ላይ መደርደር ያዙ። ስም የጠፋበት አእምሮ እጅ የለመደውን ሥራ ረዥም ጊዜ ይዞ እንደሚቆይ ሐኪሞች ያውቃሉ። እኔም ማወቅ ነበረብኝ፤ ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተሰልፎ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅምና። ያደግኩበት ቤት ውስጥ የነበረውን እውቀት ንድፍ ስሠራ ከበር ውጭ ትቼው ገባሁ።

ያልተስተካከለም አለ። ሳሎኑ ከመኝታ ክፍሎቹ ሩቅ ነው፤ መሀሉ ላይ የሚያርፉበት መቀመጫ የለም፤ ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ አሁን ማስገባት አይቻልም። መስኮቶቹ ከፍ ብለው የተሠሩ በመሆናቸው የተቀመጠ ሰው ሰማይ እንጂ ግቢውን አያይም። ሌሊት አስታማሚ ካርቶን አንጥፎ ወለል ላይ ይተኛል፤ ለእሱ በንድፌ ውስጥ አንዲት መስመር አላሰመርኩም። እነዚህ ከመሠረቱ መታሰብ የነበረባቸው ናቸው።

ፎቶውን ላሳየኝ ባለሀብት ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሥራውን እንደሚነሣኝ ጠብቄ ነበር። «የማያንጸባርቀው ወለል በካሬ ስንት ይጨምራል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አይጨምርም፤ ግራናይቱ ሲቀር እንዲያውም ይቀንሳል አልኩት። መስታወቱን ለመተው ግን እስካሁን አልፈቀደም። ንድፉን ከመጀመሬ በፊት አሁን ባለው ክሊኒክ ውስጥ ከሕሙማኑና ከነርሶቹ ጋር እንድቀመጥ፣ ነርሶቹና የጽዳት ሠራተኞቹም በንድፍ ስብሰባው ላይ እንዲገኙ በውሉ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ያንን ፈርሟል። የመስታወቱን ክርክር ሲስተር መጥታ እንድትነግረው ቀጠሮ ይዘናል።

ፎቶውን እኔ ካስቀመጥኩበት ቦታ ሁሉ አንሥቼዋለሁ። በሌሎች እጅ ያለውን ግን ማንሣት አልችልም። ፎቶውን የያዛችሁ፣ ወይም አይታችሁት የሠራችሁ ባለሙያዎች ካላችሁ፣ የተስተካከለውን ንድፍ ከነልኬቱና ከነወጪው ያለ ክፍያ እሰጣለሁ። ሠርታችሁ ከሆነ፣ ለማስተካከል ገንዘብ እስክታገኙ ድረስ መስታወቱን ዛሬውኑ በአንሶላ ሸፍኑት፤ ጥቁሩንም መስመር ከወለሉ ጋር በሚመሳሰል፣ በማያንጸባርቅ ነገር፣ ጠርዙ እንዳያደናቅፍ አድርጋችሁ በደንብ አጣብቁበት። ሶፋው ቶሎ ካልተቀየረ ሁለቱን ከግድግዳ አንሥታችሁ ፊት ለፊት አድርጓቸው፤ ይህ ምንም አያስወጣም።